ዐፄ ሱስንዮስ፤ ሃይማኖቱን ይዞ ዐዋጁን የሻረ ንጉሥ

አንባቢ ሆይ፤ ባለፈው የበጋ ወራት ከሬኮ ወደ ዲላ ስሄድ አንድ ካቶሊካዊ ተማሪ በመንገድ ተገናኘኝና አብረን ሄድን። ከቡናው ጥላ በታች ጥቂት ባረፍን ጊዜ ልቡን ያስጨነቀውን ነገር ገለጠልኝ። ቤተ ክርስቲያኑን ይወዳታል፤ በእርስዋ ተጠምቋል፥ በእርስዋም ሊቀበር ይወዳል፤ ነገር ግን ከምታዝዘው ነገር አንዳንዱን ልቡ አልቀበል አለው። እንዲህ ያለ ሰው በውስጥዋ ቢኖር ግብዝ ይባል እንደ ሆነ፥ ወይም መውጣት ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀኝ። እኔም በጕልምስናዬ ያመንሁ ሰው ነኝና ጥያቄው እንግዳ አልሆነብኝም፤ ቢሆንም በገዛ አሳቤ ልፈርድለት አልደፈርሁም። በዚያ ፈንታ ስሙን ከታሪክ ትምህርት የሚያውቀውን የአንድ ንጉሥ ሕይወት ነገርሁት። ለእርሱ የነገርሁትን እነሆ ለአንተም ጻፍሁልህ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሱስንዮስ በ1572 ገደማ ተወለደ። አባቱ አቤቶ ፋሲለደስ የዐፄ ልብነ ድንግል የልጅ ልጅ ነበረ። ሱስንዮስ ገና ልጅ ሳለ አባቱ ከኦሮሞዎች ጋራ በተደረገ ጦርነት ሞተ፥ ልጁም ተማረከ። ከነርሱ ዘንድ ተቀምጦ ቋንቋቸውንና የጦር ስልታቸውን ተማረ፤ በኋላም ለዙፋን ሲዋጋ ይህ ትምህርት እጅግ ጠቀመው። በዚያ ዘመን ሃይማኖትና መንግሥት በአንድ ገመድ የታሰሩ ነበሩ። ዐፄ ዘድንግል ወደ ሮማ ሃይማኖት ስላዘነበለ አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ከታማኝነቱ መሐላ ፈታው፤ ዘድንግልም በ1604 በጦርነት ወደቀ። በ1607 ደግሞ ሱስንዮስ ዐፄ ያዕቆብን በጎል ድል ባደረገው ጊዜ ያዕቆብና አቡነ ጴጥሮስ በአንድ ጦር ሜዳ ሞቱ። እንግዲህ ሱስንዮስ በዙፋን የተቀመጠ ሃይማኖትን የመለወጥ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ በዓይኑ አይቶ ነው።

በዚያን ጊዜ ከኢየሱሳውያን ማኅበር የሆነ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የእስፓንያ ካህን በአገራችን ነበረ። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በመጀመሪያ በመንገድ ተይዞ በየመን በቱርኮች እጅ ብዙ ዓመት ታሰረ፤ ከተፈታም በኋላ አሳቡን አልተወም፥ በ1603 በምጽዋ በኩል ገባ። ግእዝንና አማርኛን ተማረ፥ ሕፃናትን አስተማረ፥ በጎርጎራም ለንጉሡ ባለ ፎቅ ቤት ሠራለት። በ1618 ከንጉሡ ጋራ ሄዶ የዓባይን ምንጭ አየ። ይህ ሰው በጥድፊያ ያደረገው ነገር ጥቂት ነው። ከሊቃውንቱ ጋራ በንጉሡ ፊት ይከራከር ነበረ፤ የሕዝቡን ልማድ ግን በአንድ ቀን ነቅሎ ለመጣል አልቸኰለም።

የንጉሡ ልብ ግን ከመጀመሪያው ንጹሕ ነበረ አልልህም። በ1607 ወደ ሮማው ፓፓና ወደ እስፓንያ ንጉሥ በላከው ደብዳቤ ወታደሮች እንዲላኩለት ለምኖ ነበረ። ጦር ፈልጎ ሃይማኖትን ያገኘ ሰው እርሱ ብቻ አይደለም፤ በእኛም ዘመን ትምህርት ቤት ወይም መድኃኒት ፈልጎ መጥቶ ወንጌልን ያገኘ ብዙ ነው። ወታደሮቹ አልመጡም። እርሱ ግን ከክርክሩ የተነሣ ክርስቶስ ከተዋሕዶ በኋላ ሁለት ባሕርይ አለው የሚለውን ትምህርት በእውነት አመነ፤ ይህንንም እምነት እስከ ሞቱ አልለቀቀም።

በ1622 ሱስንዮስ ካቶሊካዊነቱን በግልጥ አስታወቀ። አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ስፍራ ጥቂት ቈይ። ነገሥታቱ ብዙ ሴቶችን ማግባት ልማዳቸው ነበረ፥ ሱስንዮስም እንዲሁ ነበረ። ነገር ግን በፓኤዝ ፊት ንስሓ በገባ ጊዜ ሌሎቹን ሴቶች አሰናብቶ የመጀመሪያይቱን ሚስቱን ብቻ አስቀረ። ይህ ትእዛዝ የከበደው በእርሱ በራሱ ላይ ነበረ፤ በቤቱና በሥጋው ላይ ወደቀ፤ ቢሆንም ተቀበለው። ተማሪውንም በዚህ ነገር ላይ አቆምሁት። ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ጋራ አልስማማም ሲል፥ አብዛኛውን ጊዜ የማይስማማው የገዛ ሥጋውን በሚያስጨንቀው ትእዛዝ ነውና። ሱስንዮስ እንደዚህ አልነበረም። እርሱን የከበደውን ተሸከመ፤ ያልተስማማው በኋላ፥ በሕዝቡ ትከሻ ላይ በተጫነው ነገር ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን ብዙ በደለ። ያመነውን በስብከት ብቻ ሳይሆን በነጋሪት ሊያሳምን ፈለገ። በ1617 የልጁ ባል ዮልዮስ ስለ ቀደመው ሃይማኖት ሸፈተ፤ አቡነ ስምዖንም ከሸፈቱት ጋራ ሆኖ በጦር ሜዳ ተገደለ። ከዚያ በኋላ ቀዳሚት ሰንበትን ማክበር በዐዋጅ ተከለከለ፥ በበጌምድርም ሌላ ዐመፅ ተነሣ። ፓኤዝ በ1622 ሞተ፤ ያን ትዕግሥተኛ ሰው የሚተካ አልተገኘም።

በ1625 አፎንሶ ሜንዴዝ ከፖርቱጋል በፓትርያርክነት ተሹሞ መጣ። በ1626 መጀመሪያ በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ ተሰብስበው ሳሉ ሱስንዮስ ተንበርክኮ ለሮማው ፓፓ እንደሚታዘዝ ማለ። ሜንዴዝ በኑሮው ነውር የሌለበት፥ እጅግም የተማረ ሰው ነበረ። ነገር ግን የኢትዮጵያን ክርስትና እንደ ታመመ አካል ሳይሆን እንደ ሞተ ሬሳ ቈጠረው። የተጠመቁት እንደ ገና ይጠመቁ፥ ካህናቱ እንደ ገና ይካኑ፥ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና ይባረኩ አለ። ግዝረት ተከለከለ፤ ጾሙና በዓላቱ ወደ ሮማ አቈጣጠር ዞሩ፤ ቅዳሴው እንደ ሮማ ሥርዐት እንዲሆን ታዘዘ። አንባቢ ሆይ፤ አንዲት ባልቴት ከእናትዋ የተማረችው የጾም ቀን ኀጢአት ሆኖ ሲነገራት፥ አባቷም የተጠመቀበት ጥምቀት ከንቱ ነው ሲሏት ምን እንደሚሰማት ገምት። ስለ ሁለት ባሕርይ ክርክር ምንም የማታውቅ ይህች ሴት ይህን ግን ታውቀዋለች።

በ1628 የንጉሡ ሌላ አማች የትግራይ ገዢ ተክለ ጊዮርጊስ ሸፍቶ ተያዘ፥ ተሰቀለም። በ1629 የላስታ ሰዎች መልክዐ ክርስቶስን አንግሠው ተነሡ፤ በተራሮቻቸውም ላይ የንጉሡን ሠራዊት ደጋግመው መለሱት። በዚህ ጊዜ የሱስንዮስ ልብ መለወጥ ጀመረ። የቀደመው ቅዳሴ ታርሞ እንዲቀደስ፥ በዓላቱ በቀደመው ቀን እንዲውሉ፥ ከቅዳሜ ጾም ይልቅ የረቡዕ ጾም እንዲጾም ከፓትርያርኩ ለመነ። ሜንዴዝም በግድ ፈቀደ። ንጉሡ ግን ፈቃዱን በገዛ ሥልጣኑ በዐዋጅ ባስነገረው ጊዜ ፓትርያርኩ ተቈጣ፤ የካህናትን ሥራ ልሥራ ብሎ በለምጽ የተመታውን የንጉሡን የዖዝያንን ታሪክ አሳሰበው። ንጉሡም ዐዋጁን እንደ ፓትርያርኩ ፈቃድ አሻሽሎ እንደ ገና አስነገረ።

እዚህ ላይ የማይስማማውን ነገር ለይተህ ተመልከት። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ያመነውን አልካደም፤ የፓፓውንም ሥልጣን አልናቀም። የጾሙ ቀን፥ በዓሉ፥ ቅዳሴው የእምነት መሠረት አይደሉምና ለሰላም ቢተዉ ይሻላል ብሎ አሰበ። የካቶሊካውያን መምህራንም ራሳቸው የማይለወጥ የእምነት ትምህርትንና ሊለወጥ የሚችል ሥርዐትን ይለያሉ፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ያሉ ብዙ ካቶሊካውያን በግእዝ ሥርዐት ይቀድሳሉ። ሱስንዮስ የለመነው ከዚህ እጅግ የራቀ አልነበረም። ነገር ግን ልመናው ዘገየ። ሕዝቡ ጥቂቱ ሲፈቀድለት ሁሉን ፈለገ።

በ1632 መልክዐ ክርስቶስ ከላስታ ወርዶ በወይና ደጋ ከንጉሡ ጋራ ተዋጋ። ሱስንዮስ ድል አደረገ፤ 8,000 ያህል ሰው ወደቀ ይባላል። በማግሥቱ ልጁ ፋሲለደስና መኳንንቱ ንጉሡን ወደ ጦር ሜዳው ወስደው የተኙትን አሳዩት። ከሬሳው መካከል እስላምም አረማዊም አልነበረም፤ ሁሉም ክርስቲያን፥ ሁሉም የአገሩ ልጅ፥ የገዛ ዘመዱም ነበረ። ድል አድርጎ የገባው ንጉሥ ደስታ አልነበረውም። በዚያው ሰኔ ነጋሪት አስጐሰመ፤ ሕዝቡ ወደ ቀደመው ሃይማኖቱ እንዲመለስ፥ ካህናቱም አብያተ ክርስቲያናቸውን ተረክበው በቅዳሴያቸው እንዲቀድሱ ፈቀደ፤ መንግሥቱንም ለፋሲለደስ ሰጠ። ሜንዴዝ ካህናቱን ይዞ መጥቶ ለመነው፤ እርሱ ግን አልተመለሰም። እርሱ ራሱም ከሕዝቡ ጋራ ወደ ቀደመው ሃይማኖት አልሄደም።

ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። በአገራችን የሚነገረው፥ ምላሱ ከአፉ ወጥቶ ተጐልጕሎ እንደ ነበረና የቀናችውን ሃይማኖት በመለሰ ጊዜ እንደ ዳነ ነው። ኢየሱሳውያን ደግሞ በሮማ ሃይማኖት ጸንቶ እንደ ሞተ ጻፉ። እኔ በዚህ የእነርሱን ምስክርነት እቀበላለሁ፤ ቢክድ ኖሮ ሊወቅሱት እንጂ ሊያመሰግኑት ምክንያት አልነበራቸውምና። በመስከረም 1632 ሞተ፤ ፋሲለደስም ራሱ ሱስንዮስ ባሠራት በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ በክብር ቀበረው።

ተማሪው ይህን ሁሉ ሰምቶ ከዘመዶቹ መካከል ካቶሊካዊ ሆኖ የቀረ ሌላ ሰው እንደ ነበረ ጠየቀኝ። ነበረ፤ የእናቱ ልጅ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ነበረ። እርሱ ከንጉሡ አስቀድሞ አመነ። ፋሲለደስ ወደ ቀደመው ሃይማኖት ይመለስ ዘንድ ቢጠይቀው እንቢ አለ፤ ተጋዘ፥ በመጨረሻም ስለ እምነቱ ሞተ። ኢየሱሳውያኑም በ1634 ከአገር ተባረሩ። ተማሪው ከሁለቱ ወንድማማቾች የትኛውን እንደምወድ ጠየቀኝ። ስለ ጽናቱ ሥዕለ ክርስቶስን እንደማከብር፥ ነገር ግን በወይና ደጋ ሬሳውን አይቶ ያለቀሰለትን ወንድሙን እንደምወድ ነገርሁት። እርሱም ዝም አለ፤ ዲላ ገበያ ስንደርስ ተሰናብቶኝ ሄደ፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲገባ አይቼዋለሁ።