የደከመውን መሬት ያከመ ሰው
የጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር የሕይወት ታሪክ

መሬት እንደ ላም ናት፤ ሳይመግቧት ዘወትር ቢያልቧት ትከሳለች። ይህን እውነት ለድኾች ገበሬዎች ሲያስተምር ዕድሜውን የፈጸመው ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ነው። ብዙዎቻችን ስሙን የምናውቀው ከኦቾሎኒ ጋር ነው። ከኦቾሎኒው በፊት የሠራው ሥራ ግን የትምህርት ቤታችንን ጓሮ ለምንኮተኩት ተማሪዎች ይበልጥ የሚጠቅም ስለ መሰለኝ ታሪኩን ባጭሩ ጻፍሁ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ካርቨር በአሜሪካ አገር በሚዙሪ ግዛት፥ ዳይመንድ በምትባል መንደር አጠገብ፥ በ1864 ገደማ ከባሪያ እናት ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ወንበዴዎች ከነእናቱ ሰርቀው ወሰዱት። እርሱ ተገኝቶ ሲመለስ እናቱ ግን በዚያው ጠፍታ ቀረች። ባርነት ከቀረ በኋላ የቀድሞ ጌታው ሞዝስ ካርቨርና ሚስቱ ሱዛን አሳደጉት። ጤናው ደካማ ስለ ነበረ በቤትና በጓሮ ሥራ ሲረዳ ዕፀዋትን አጥብቆ መመልከት ለመደ፤ ጎረቤቶችም ተክላቸው ሲታመም ይህን ብላቴና ያማክሩት ነበር።

በአቅራቢያው የነበረው ትምህርት ቤት ጥቁር ልጆችን ስለማይቀበል፥ ለመማር ከቤቱ ወጥቶ ወደ ኒዮሾ ከተማ ሄደ። ከዚያ በኋላ የሰው ልብስ እያጠበ፥ ምግብ እያበሰለ ከከተማ ወደ ከተማ ተዘዋወረ። በካንሳስ አንድ ኮሌጅ በደብዳቤ ተቀብሎት ሳለ፥ በአካል ቀርቦ ጥቁር መሆኑ ሲታወቅ ተመለሰ። ይሁን እንጂ ተስፋ አልቈረጠም። በ1891 በአዮዋ የእርሻ ኮሌጅ ገባ፤ በ1894 የመጀመሪያውን፥ በ1896 የማስተርስ ዲግሪውን ተቀበለ። በዚያው ዓመት ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በአላባማ ወደሚገኘው ወደ ተስኪጊ ትምህርት ቤት ጠራው፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በዚያ አስተማረ።

በተስኪጊ ዙሪያ ያየው ነገር አሳዛኝ ነበረ። ገበሬዎቹ አብዛኞቹ የእኩል አራሾች ሲሆኑ፥ በዕዳ ተይዘው በየዓመቱ ጥጥ ብቻ ይዘሩ ነበር። መሬቱ ደክሟል፤ አፈሩንም ዝናብ ጠርጎታል። ማዳበሪያ እንዳይገዙ ገንዘብ የላቸውም። መሬቱን እንዳያሳርፉ ደግሞ ያን ዓመት ምን ይበላሉ? ካርቨርም የማዳበሪያውን ምርጫ ከዚህ ጥያቄ ጀመረ።

ከመሬቱ ላይ በቅሎ፥ ገና ለምለም ሳለ ተገልብጦ ከአፈር ጋር የሚቀላቀል ሰብል አረንጓዴ ማዳበሪያ ይባላል። እንደ ስንዴና ገብስ ያሉት የሣር ወገኖች አፈሩን ከመታጠብ ይጠብቃሉ፤ ሲበሰብሱም ያለሰልሱታል፤ ነገር ግን አዲስ ናይትሮጂን አይጨምሩለትም። የባቄላና የአተር ወገኖች ግን በሥሮቻቸው ላይ ትናንሽ እባጮች አሏቸው። በእነዚያ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ምግብ ያደርጉታል።

ከእነዚህም መካከል ካርቨር አብልጦ የመከረው ካውፒ የሚባለውን፥ ትውልዱ ከአፍሪካ የሆነውን የአደንጓሬ ዘመድ ነው። ይህ ሰብል ሙቀትን ይችላል፤ በደካማ መሬት ይበቅላል፤ ፍሬው ለሰው፥ ሐረጉ ለከብት ይሆናል። ተክሉ ሲያብብ ቢቀበር አፈሩ ብዙ ያገኛል። ፍሬው ከተለቀመ ግን አብዛኛው ናይትሮጂን ከፍሬው ጋር ይሄዳል፤ ቢሆንም ሥሩና ሐረጉ በመሬቱ ላይ ከቀረ ጥቂት ጥቅም አይታጣም። ስለዚህ ድኻው ቤተ ሰቡን እየመገበ መሬቱንም ሊረዳ ቻለ። ካርቨር በዚህ ላይ የጫካ ቅጠልና የረግረግ ጭቃ መጨመርን አስተማረ፤ እነዚህ ድካም እንጂ ገንዘብ አይጠይቁምና። በ1903 ስለ ካውፒ፥ በ1905 የደከመ መሬት ስለሚታደስበት መንገድ ትናንሽ መጻሕፍት አሳተመ። ወደ ትምህርት ቤት ሊመጡ ለማይችሉትም በ1906 መሣሪያና ዘር የጫነ፥ በበቅሎ የሚሳብ ጋሪ ወደየመንደራቸው ይሄድ ጀመር።

በኋላ የጥጥ ነቀዝ አገሩን በወረረ ጊዜ የኦቾሎኒ ምክሩ ስሙን በዓለም አስጠራ፤ በ1921ም በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ አስረዳ። የኦቾሎኒ ቅቤን የፈለሰፈው እርሱ ነው የሚባለው ግን ስሕተት ነው። ጥር 5 ቀን 1943 ዐረፈ፤ ያጠራቀመውንም ገንዘብ ለምርምር ተወ።

ውድ አንባብያን! የአገራችን ገበሬዎች ከባቄላ ቀጥሎ ስንዴ ሲዘሩ የዚህን ጥበብ ጥቅም በልምድ ያውቁታል። እኛም በየዓመቱ ጎመን ብቻ በምንተክልበት መደብ ባቄላ ዘርተን፥ ግማሹን ሲያብብ ብንቀብረው፥ ግማሹን ደግሞ እሸቱን ብንበላው፥ በሚከተለው ዓመት የሁለቱን ጎመን አስተያይተን የካርቨርን ትምህርት በገዛ እጃችን እንፈትነዋለን።