ዓፄ ዮሐንስን ሆናችሁ ብትጫወቱስ?

መተማ ዮሐንስ ስሟን ያገኘችው ከአንድ የሐዘን ቀን ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ እዚህ ቆሰሉ፤ በማግስቱ አረፉ፤ አንገታቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ብዙዎቻችን ከሰውየው ሕይወት የምናውቀው ይህችን መጨረሻ ብቻ ነው። እዚያ እስኪደርሱ ድረስ ግን ስንት መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመው ነበር! የእሳቸውን ታሪክ ሳነብ ሁሌ ወደ ሐሳቤ የሚመጣው አንድ የጨዋታ ዓይነት ነው።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። ስትሬንጀር ቲንግስን ያየ ሰው ልጆቹ ምድር ቤት ተቀምጠው ሲጫወቱት አይቷል። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ አጫዋች ይሆንና ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። አጫዋቹ ያላችሁበትን ሁኔታ ነግሯችሁ ምን እንደምታደርጉ ይጠይቃችኋል፤ ትወስናላችሁ፤ ከዚያ ዳይስ ይጣላል። የሉዶው ዓይነት ባለ 6 ገጽ ብቻ አይደለም፣ ባለ 20 ገጽም አለ። ውሳኔው የእናንተ ነው፤ ውጤቱ ግን በከፊል የዕድል።

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በፈረንጆቹ 1974 ሲያሳትሙት የመጀመሪያው ዙር 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። (በእኛ 1966፣ የየካቲቱ አብዮት ሊፈነዳ ሳምንታት ሲቀሩት መሆኑ ነው።) ዛሬ ሚሊዮኖች ይጫወቱታል፤ ሌሎች ሲጫወቱ ለሰዓታት ቁጭ ብሎ የሚያይ ተመልካችም አለው፤ መሠረታዊ ሕጎቹ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ በነፃ ፈቃድ ተለቀዋል። ኢንተርኔት አይፈልግ፣ መብራት አይፈልግ። ታዲያ እኛ ጋ ለምን አልገባም? መጻሕፍቱ እንግሊዝኛ ናቸው፣ ጀግኖቹም የአውሮፓ ተረት ናቸው። የቪዲዮ ጌሙ ዓለም እንኳ ይሻላል፤ ሲቪላይዜሽን አንዴ ኃይለ ሥላሴን፣ አንዴ ምኒልክን አስገብቷል። ለጠረጴዛ ጨዋታ ግን በእኔ ግምት ከሁሉም የሚመቹት ዮሐንስ ናቸው። ለምን እንደሆነ ሕይወታቸውን ተከትለን እንየው።

ካሳ ምርጫ በ1829 ዓ.ም ተምቤን ውስጥ ተወለዱ። የአባታቸው ስም ራሱ ምርጫ መሆኑ ይገርመኛል። የመጀመሪያው ከባድ ውሳኔ የመጣው በ1860 ነው። ጄኔራል ናፒየር ዓፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከቀይ ባሕር ተነስቶ በትግራይ በኩል ማለፍ ፈለገ። እናንተ ካሳን ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? መንገዱን ትዘጋላችሁ ወይስ ታሳልፋላችሁ? እሳቸው አሳለፉ፣ ስንቅም አቀረቡ። እንግሊዝ ሲመለስ መድፎችና 850 ያህል ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። ይህን እንደ ክህደት የሚያዩ ዛሬም አሉ። ሌላው ደግሞ ያን ጦር ለማስቆም አቅም አልነበራቸውም ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

የጠመንጃው ዋጋ በ1863 ታየ። የእህታቸው ባል የሆኑት ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ 60 ሺህ ገደማ ሠራዊት ይዘው ዓድዋ አጠገብ ገጠሟቸው። የካሳ ጦር 12 ሺህ ያህል ነበር፤ አሸነፈ። በ1864 አክሱም ላይ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ።

ከዚያ ግብፅ መጣች። የከዲቭ እስማኤል ጦር የአውሮፓና የአሜሪካ መኮንኖች ጭምር ነበሩት። በ1868 ጉንደት ላይ፣ በዚያው ዓመት እንደገና ጉራ ላይ ተመታ። ዳይሱ ሁለቴ ተከታትሎ 20 ወጣ እንደማለት ነው።

በ1870 ምኒልክ ልቼ ላይ ገበሩላቸው። ዮሐንስ ዙፋኑን ነጥቀው የራሳቸውን ሰው መሾም ይችሉ ነበር፤ የሸዋ ንጉሥነታቸውን አጽድቀው ተዉአቸው። ኋላም ልጃቸው አርአያ ሥላሴ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አገባ። በዚያው በ1870 ግን ቦሩ ሜዳ ላይ የተደረሰው ውሳኔ ሌላ መልክ አለው። የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሱ ታዘዙ። ባላባቱ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሌሎች ሸፈቱ፣ ተሰደዱ። ጨዋታውን እኔ ባጫውት ከተጫዋቾቹ አንዱን የግድ የወሎ ገበሬ አደርገዋለሁ። ንጉሡን ብቻ ሆኖ የተጫወተ ሰው ቦሩ ሜዳን አንድነት ብሎ ያልፈዋል፤ ገበሬውን የሆነው ግን እንደዚያ ማለፍ አይችልም።

አሁን ወደ መተማ የሚያመጣው መንገድ ይጀምራል። በ1876 የእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ዓድዋ መጥቶ ውል ተፈራረመ። ሱዳን ውስጥ የማህዲ ተከታዮች፣ እኛ ደርቡሽ የምንላቸው፣ የግብፅን ጦር ሰፈሮች ከበው ነበር። ዮሐንስ የተከበቡትን በአገራቸው በኩል ያወጣሉ፤ በለውጡ ቦጎስን ያገኛሉ፣ በምፅዋም ያለ ቀረጥ ዕቃ ያስገባሉ። ተከቦ የነበረው የመተማ ጦር ሰፈር ሳይቀር በኢትዮጵያውያን እጅ ወጣ። ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ። ዓመት ሳይሞላ፣ በ1877፣ ጣሊያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምፅዋን ያዘ። ለእኔ የሕይወታቸው ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው። ለሌላ ሰው ጦርነት ሲሉ ደርቡሽን ጠላት አደረጉ፤ ወደቡን ደግሞ ሌላ ወሰደው።

ከዚህ በኋላ ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር ቀረ። በአባቶቻችን ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ምዕራፍ ወረራ ይባላል፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ በፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። የዮሐንስ የመጨረሻ ዓመታት እንደዚያ ናቸው። በጥር 1879 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ጣሊያንን መቱ፤ በዚያው ወር የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን ወግተው አቃጠሉ። ዓመት ቆይቶ የደርቡሹ አዛዥ አቡ አንጃ ሣር ውኃ ላይ ተክለ ሃይማኖትን አሸንፎ ጎንደርን አቃጠለ። ዮሐንስ 80 ሺህ ገደማ ጦር ይዘው ሰሐጢ ድረስ ቢወርዱም ጣሊያን ከምሽጉ አልወጣም፤ ሳይዋጉ ተመለሱ። ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት ሊያምፁ ተስማምተዋል። በዚያው 1880 ልጃቸው አርአያ ሥላሴ ሞተ። የከብት እልቂቱና ረሃቡም ጀምሯል።

እንግዲህ ወንበሩ የእናንተ ነው። ጣሊያን በሰሜን፣ ምኒልክ በደቡብ፣ ደርቡሽ በምዕራብ። ወደ የት ትዘምታላችሁ?

ዮሐንስ መጀመሪያ ጎጃምን በቅጣት አወደሙ፤ ለዚህ ማመካኛ አልፈልግላቸውም። ቀጥለው ለአቡ አንጃ ደብዳቤ ጻፉ። እርስ በርስ መዋጋታቸውን ትተው አውሮፓውያንን አብረው እንዲከላከሉ ነበር ሐሳባቸው። ጠላታቸውን ለይተው ያወቁ ይመስለኛል። መልሱ ግን ስድብ ነበር። ጦራቸውን ወደ መተማ መለሱ።

አቡ አንጃ ከውጊያው በፊት ታሞ ሞተ፤ ዘኪ ቱማል ተተካ። በእሾህ አጥር የታጠረውን ከተማ የኢትዮጵያ ጦር ሰብሮ ገባ፤ ድሉ እጃቸው ውስጥ ነበር። ንጉሡ ከፊት ሆነው ሲዋጉ በጥይት ተመቱ። ወሬው ሲሰማ ሊያሸንፍ የደረሰው ሠራዊት ተፈታ። ዮሐንስ ራስ መንገሻን ወራሽ አድርገው አረፉ፤ አስከሬናቸውን ይዘው ሲያፈገፍጉ የነበሩትን ደርቡሾች አትባራ ወንዝ አካባቢ ደረሱባቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የውጫሌን ውል ፈረሙ።

ይህን ጨዋታ አማርኛ አድርጎ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ሕጎቹ በነፃ አሉ፣ ታሪኩም ይኸው። የዘኪ ቱማልን ወንበር የሚይዝ ተጫዋችም ሩቅ አይደለም። ገላባት ከድልድዩ ማዶ ናት፤ ከ2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ወዲህ ደግሞ ያን ድልድይ ተሻግረው መተማ የገቡ የሱዳን ወጣቶች ብዙ ናቸው። ያቺን የመጋቢት ቀን እነሱ የሚያውቋት እንደ ድል ቀን ነው።