ባዶ የሚለውን ቃል ለቻይና ያስረዳው መነኩሴ

ቻይናውያንና ጃፓናውያን በጋራ ከሚጠቀሙባቸው የጽሕፈት ምልክቶች መካከል በስምንት ጭረት የሚጻፍ አንድ ምልክት አለ። ከላይ ያለው ክፍል ዋሻ ወይም ጕድጓድ ማለት ነው፤ ከታች ያለው ክፍል ብቻውን ሲጻፍ የእጅ ሥራ ማለት ሲሆን፣ እዚህ የገባው ግን ድምፁን ለማመልከት ነው። ቻይናውያን ኮንግ ብለው ያነቡታል። ጃፓናውያን እንደ አገባቡ አንድ ጊዜ ኩ፣ አንድ ጊዜ ካራ፣ አንድ ጊዜም ሶራ ይሉታል። ትርጕሙ ባዶ ማለት ነው፤ ሰማይም ማለት ይሆናል። ስለዚህ በቶኪዮ የሚኖር ተማሪ ዕቃ የሌለበትን ሣጥን ለማመልከትም፣ ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ለመጥራትም ይኸንኑ ምልክት ይጽፋል። ወደ ቡድሃ ቤተ መቅደስ ቢገባ ደግሞ መነኮሳቱ በዜማ ደጋግመው የሚያነሡት ይኸው ቃል ነው፤ በዚያ ስፍራ ግን ቃሉ ስለ ሣጥን የሚናገር አይደለም።

ይህ ተራ ቃል እንዲህ ያለ ሸክም ሊሸከም የቻለው በብዙ ሰዎች ድካም ነው። ከሁሉ ይልቅ ድካሙ የሚነገርለት ግን ቻይናዊ ያልሆነ፣ የቻይናንም ቋንቋ በምርኮ ላይ ሳለ የተማረ ኩማራጂቫ የተባለ መነኩሴ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ኩማራጂቫ የተወለደው በ344 ዓ.ም. ገደማ በኩቻ ነው። ኩቻ ከታክላማካን በረሓ በስተሰሜን፣ የሐር ነጋዴዎች በሚመላለሱበት መንገድ ላይ የነበረች ትንሽ መንግሥት ስትሆን ዛሬ በቻይና ሺንጅያንግ በተባለው ክፍል ውስጥ ትገኛለች። አባቱ ኩማራያና የአባቶቹን ሹመት ትቶ ከህንድ አገር የወጣ የትልቅ ሰው ልጅ ነበረ፤ እናቱ ጂቫ የኩቻ ንጉሥ እኅት ነበረች። የልጁ ስም ከሁለቱ ስም ተጋጥሞ የወጣ ነው። እናቱ ምንኵስናን ስለ ወደደች ባሏን ትታ ገዳም ገባች፤ ልጁም በሰባት ዓመቱ ተከተላት። ዘጠኝ ዓመት በሆነው ጊዜ ትምህርቱን እንዲያሰፋ ብላ ታላላቆቹን ተራሮች አሻግራ ወደ ካሽሚር ወሰደችው።

በካሽሚር ያስተማረው ባንዱዳታ የሚባል የተከበረ መምህር ነው። በዚያ ይሰጥ የነበረው ትምህርት፣ በዓለም የሚታየው ነገር ሁሉ ቢበታተንም እንኳ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነገሮች ግን የራሳቸው የሆነ ጽኑ ህላዌ አላቸው የሚል ነበረ። ልጁ ይህን ሁሉ በቃሉ አጠና። ወደ አገሩ ሲመለስ ግን ካሽጋር በምትባል ከተማ ሰንብቶ ሳለ፣ ልዑልነቱን ትቶ የመነኰሰ ሱርያሶማ የሚባል ሰው አገኘ። ሱርያሶማ እነዚያ ጥቃቅን ነገሮች እንኳ ባዶ ናቸው ብሎ አስተማረው። ኩማራጂቫ ብዙ ተከራከረ፤ በመጨረሻ በተረታ ጊዜ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ወርቅን ባለማወቁ ናሱን ወርቅ መስሎት ይኖር እንደ ነበረ በግልጽ ተናገረ። ከዚህ በኋላ የዚህ ትምህርት ታላቅ ሊቅ የሆነውን የህንዱን የናጋርጁናን መጻሕፍት መመርመር ጀመረ።

ለመሆኑ ባዶ ማለት ምን ማለት ነው? ነገሩን በሸማ ብንመስለው ይቀላል። ሸማውን ይዘን ድሩንና ማጉን አንድ በአንድ ብንመዘው በመጨረሻ በእጃችን የሚቀረው ክር እንጂ ሸማ አይደለም። ክሩን ብንፈታው ደግሞ ጥጥ ነው፤ ጥጡም ያለ አፈር፣ ያለ ዝናብና ያለ ገበሬ አልተገኘም። ሸማው ታዲያ የለም ማለት ነውን? አይደለም፤ ለብሰነዋል፤ ከብርድም አድኖናል። የሌለው ነገር ከክሩ፣ ከሸማኔውና ከፈታይዋ ተለይቶ በራሱ ብቻ የቆመ ሸማነት ነው። የናጋርጁና ተከታዮች ባዶ የሚሉት ይህን ነው፤ ሁሉም ነገር በሌላው ነገር ምክንያት የሚገኝ ስለ ሆነ ከራሱ የሆነ ህላዌ ባዶ ነው ማለታቸው ነው። ባዶነትንም ራሱን እንደ አንድ ነገር ቈጥሮ የሚይዘውን ሰው ከሁሉ የባሰ ተሳሳተ ይሉታል።

በህንድ አገር ሊቃውንት ቋንቋ፣ በሳንስክሪት፣ ቃሉ ሹንያ ይባላል። ይኸው ቃል ለሂሳብ ሊቃውንትም የዜሮ ስም ሆኗል፤ ዐረቦች ሲፍር ብለው ተረጐሙት፤ አውሮፓውያን ደግሞ ከዐረቦቹ ቃል ዜሮ የሚለውን አወጡ። እኛም በትምህርት ቤት ዜሮ ስንል ሳናውቀው ከዚሁ የቃል ዘር እንጠቀማለን።

ኩማራጂቫ በሃያ ዓመቱ በኩቻ ቤተ መንግሥት ሙሉ መነኩሴ ሆነ። ዝናውም እየሰፋ በሄደ ጊዜ የቀድሞ መምህሩ ባንዱዳታ ከካሽሚር ሊጐበኘው መጣ፤ የተማሪውንም አዲስ ሐሳብ ሰምቶ በአንድ ተረት ሊያሳፍረው ሞከረ። አንድ እብድ ፈታዩን ቀጭን ክር እንዲፈትልለት አዘዘው፤ ፈታዩ ትቢያ የሚያህል ቀጭን ክር ቢያመጣለት አሁንም ወፍራም ነው አለ። ፈታዩ ተናድዶ ወደ ባዶው አየር በጣቱ አመለከተና ክሩ ያውልህ አለው፤ የማይታየውም እጅግ ከመቅጠኑ የተነሣ ለብልህ ፈታዮች እንኳ የማይታይ ስለ ሆነ ነው ብሎ አስረዳው። እብዱም ደስ ብሎት ዋጋውን ከፈለ። የአንተም ባዶነት እንዲሁ ነው ለማለት ነው መምህሩ ይህን ያመጣው። ተረቱ በእውነት የሚያስቅ ነው፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። ከአንድ ወር በላይ ከተወያዩ በኋላ ግን መምህሩ ተማሪውን በዚህ ትምህርት መምህሬ አንተ ነህ እንዳለው ይነገራል።

በዚሁ ዘመን በቻይና የነበሩት የቡድሃ ተከታዮች በሌላ ችግር ውስጥ ነበሩ። የህንድን መጻሕፍት ተርጕመው ያነቡ ነበር፤ ነገር ግን ኮንግ የሚለውን ቃል ከአገራቸው ፍልስፍና ዉ ከሚባለው ቃል ጋራ ያደባልቁት ነበር። ዉ ማለት በግእዝ አልቦ እንደ ማለት ነው፤ የለም ማለት ነው። የጥንት ሊቃውንታቸው ዓለም ሁሉ ከዚህ አለመኖር እንደ ወጣ ያስተምሩ ስለ ነበር፣ የህንዱ ትምህርት ሲመጣ በዚያው መነጽር ተመለከቱት። ባዶና የለም ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማሰሮው ባዶ ነው ስንል ማሰሮው አለ ማለታችን ነው። ይህ ልዩነት ካልታወቀ የናጋርጁና ትምህርት ምንም ነገር የለም፣ እንግዲህ ደግም ክፉም መሥራት አንድ ነው ወደሚል ክሕደት ይወርዳል።

ዳዎ አን የሚባለው የቻንጋን ከተማ ታላቅ መነኩሴ በትርጕሞቹ ውስጥ ስሕተት መኖሩን ተረድቶ፣ ኩማራጂቫ እንዲመጣ ንጉሡን ፉ ጂየንን አጥብቆ ለመነ። ንጉሡም ለማስመጣት የመረጠው መንገድ ጦርነት ሆነ። ሉ ጓንግ የተባለውን ጄኔራል ወደ ምዕራብ ልኮ ኩቻ በ384 ተያዘች፤ ኩማራጂቫም ተማረከ። ጄኔራሉ የሃይማኖት ሰው አልነበረም። መነኩሴውን በወጣትነቱ ንቆት እንደ መጫወቻ ያዘው፤ በበሬና በአመለኛ ፈረስ ላይ እያስቀመጠ ሲወድቅ ይስቅበት ነበር፤ ጠጅ አስጠጥቶም ከኩቻ ንጉሥ ልጅ ጋራ በአንድ ክፍል ዘግቶ ቃል ኪዳኑን አስፈረሰው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፉ ጂየን በ383 በፌይ ወንዝ ተሸንፎ ነበርና በ385 ተገደለ፤ ዳዎ አንም በዚያው ዓመት የጠበቀውን ሰው ሳያይ ሞተ። ሉ ጓንግ የሚመለስበት መንግሥት ባለመኖሩ በመንገዱ ላይ ሊያንግዡ በተባለው አገር የራሱን መንግሥት አቆመ። ኩማራጂቫ በዚያ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል ተቀመጠ። የሚያስተምረው ሰው አልተሰጠውም፤ ገዢዎቹ የሚፈልጉት ስለ ጦርነትና ስለ ዕድል ትንቢት እንዲናገርላቸው ብቻ ነበረ። ከአርባ ዓመቱ ጀምሮ እስከ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ድረስ፣ ማለት ለአንድ ሊቅ የፍሬው ዘመን፣ እንዲህ ዐለፈ። በዚህ ጊዜ ግን ከወታደሩና ከነጋዴው አፍ የቻይናን ቋንቋ ተማረ። ከእርሱ በፊት የመጡት የውጭ አገር ተርጓሚዎች አብዛኞቹ ሌላ ሰው እንዲጽፍላቸው በአስተርጓሚ ይናገሩ ነበር፤ እርሱ ግን የቃሉን ጣዕም ራሱ የሚቀምስ ሆነ።

በ401 ያዎ ሺንግ የተባለው የቻንጋን ንጉሥ ሊያንግዡን ድል አድርጎ ኩማራጂቫን በታላቅ ክብር አስመጣው፤ የመንግሥት መምህርም ብሎ ሾመው። በቤተ መንግሥቱ የአትክልት ስፍራ የሚሠራበት አዳራሽ ተሰጠው፤ ከመላው አገር መነኮሳት ተሰበሰቡ። በ403 ታላቁ የጥበብ መጽሐፍ ሲተረጐም አምስት መቶ ያህል መነኮሳት ተቀምጠው ነበር። ኩማራጂቫ የህንዱን መጽሐፍ በእጁ ይዞ በቻይንኛ ይናገራል፤ ንጉሡ ራሱ አሮጌውን ትርጕም ይዞ ያመሳክራል፤ ሊቃውንቱ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፤ ከዚያ በኋላ ይጻፋል። ንጉሥ ከተማሪዎች ጋራ ተቀምጦ ቃል በቃል ሲያርም ማየት በማንኛውም ዘመን ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም። በዚህ ዐይነት የሎተስ መጽሐፍ በ406፣ የናጋርጁና የመካከለኛው መንገድ መጽሐፍ በ409 ወጣ።

ኮንግ የሚለው ቃል ቦታውን ያገኘው እንግዲህ በዚህ አዳራሽ ነው። ምልክቱን ከእርሱ በፊት የነበሩት ተርጓሚዎችም አልፎ አልፎ ጽፈውታል። ኩማራጂቫ ያደረገው ነገር አልቦ የሚለውን ከባዶ ለይቶ ቃሉን በአንድ ትርጕም ማጽናት፣ ከሁሉም በላይ የናጋርጁናን ክርክር አብሮ መስጠት ነው፤ ቃሉ ብቻውን ቢሰጥ ኖሮ ድብልቁ በቀጠለ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ በድኅነቱ ምክንያት መጻሕፍት እየገለበጠ ይኖር የነበረ ሴንግ ዣዎ የተባለ ወጣት፣ ትምህርቱን ከሁሉ አብልጦ ተረዳ። ይህ ወጣት የቀድሞዎቹን ሦስት የተሳሳቱ አስተያየቶች አንድ በአንድ ነቅፎ ጻፈ፤ ከእነርሱም አንዱ ሁሉም ነገር ከአለመኖር ወጣ የሚለው ነበረ።

ያም ሆኖ የኩማራጂቫ ሕይወት ሙሉ ደስታ አልነበረም። ያዎ ሺንግ እንዲህ ያለ ጥበበኛ ዘር ሳይተካ መሞት የለበትም ብሎ ዐሥር ሴቶች አስገድዶ ሰጠው፤ ከገዳሙም አውጥቶ በሌላ ቤት አኖረው። በጎ ያደረገለት መስሎት ነው፤ ለመነኩሴ ግን የሉ ጓንግ ፌዝና የያዎ ሺንግ ፍቅር በውጤታቸው አንድ ሆኑ። ኩማራጂቫ ነገሩን አልሸፈነም። ባስተማረ ቍጥር ተማሪዎቹን በጭቃ ውስጥ የሚበቅለውን አበባ እንዲወስዱ፣ ጭቃውን ግን እንዲተዉ ያሳስባቸው ነበር። ስለ ሥራውም ቢሆን አይመካም፤ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መተርጐምን ምግብ አኝኮ ለሌላ ሰው ከማጉረስ ጋራ ያስተያየው እርሱ ነው።

በ413 እንደ ሞተ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት አለው። ሊሞት ሲል ትርጕሞቹ ስሕተት ከሌለባቸው ሥጋው ሲቃጠል ምላሱ እንዳይቃጠል ተመኘ፤ ሥጋው በተቃጠለ ጊዜም ምላሱ ብቻ ሳይነካ ተገኘ ብለው የታሪኩ ጸሐፊዎች ያወራሉ። ይህን ማመን አለማመን የአንባቢ ፈንታ ነው። ሊያንግዡ ትባል በነበረችው በዛሬዪቱ ዉዌይ ከተማ ግን በስሙ የቆመ ግንብ አለ፤ ምላሱ ያለው ከዚያ ሥር ነው ይባላል። የምርኮው ከተማ መሆንዋ ነው የሚገርመው።

ትርጕሞቹ ወደ ኮርያና ወደ ጃፓን ተሻገሩ። የጃፓን ቴንዳይና ኒቺረን የሚባሉት ወገኖች የሎተስን መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚያነቡት በእርሱ ቃል ነው። ወጣቶቻችን የሚወዱት ካራቴም የዚህ ወሬ ተካፋይ ነው። ስሙ አስቀድሞ የቻይና እጅ በሚል ምልክት ይጻፍ ነበር፤ በ1930ዎቹ ዓመታት ግን ድምፁ ሳይለወጥ ባዶ እጅ በሚለው ተተካ። ለውጡን የደገፉት ሰዎች ምልክቱ መሣሪያ አለመያዝን ብቻ ሳይሆን የቡድሃን ትምህርት እንዲያስታውስ ማሰባቸውን ገልጸዋል።

ከኩማራጂቫ ሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ ሹዋንዛንግ የተባለው ቻይናዊ መነኩሴ ራሱ ህንድ ድረስ ሄዶ በ645 ብዙ መጻሕፍት ይዞ ተመለሰ፤ የኩማራጂቫንም ትርጕም ብዙ ስፍራ ላይ እየነቀፈ እንደ ገና ተረጐመ። የሹዋንዛንግ ሥራ ለቃሉ ይበልጥ የተጠነቀቀ ነው፤ ሕዝቡ በአብዛኛው የሚያነበው ግን ለጆሮ የሚጥመውን የቀድሞውን ነው። ሹዋንዛንግ ብዙ ስሞችና ቃላት ለወጠ፤ ኮንግ የሚለውን ምልክት ግን እንዳለ ያዘው።