ዶ/ር ዐብዱረሕማን አል-ሱመይጥ፦ ከተማሪ መዋጮ የተጀመረ ጉዞ

ብዙዎቻችን የዶ/ር ዐብዱረሕማን አል-ሱመይጥን (አላህ ይዘንላቸው) ስም የሰማነው በኹጥባ ወይም በዳዕዋ ፕሮግራም ላይ ነው። ሲነሱም የሚነገረን በእሳቸው ሰበብ የሰለሙት ሰዎች ብዛት ነው። ሚሊዮኖች ናቸው ይባላል፤ ተክቢራ ይደረግና ታሪኩ እዚያው ያልቃል። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። እሳቸው ሥራውን የጀመሩት እንደኛው ተማሪ ሳሉ ነበር።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1947 ኩዌት ውስጥ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እያሉ ድሃ የቀን ሠራተኞች በዚያ በሚያቃጥል ፀሐይ ቆመው መኪና ሲጠብቁ ያዩ ነበር። ከጓደኞቻቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው አሮጌ መኪና ገዙና ሠራተኞቹን በነፃ ያመላልሱ ጀመር ይባላል። ሕክምና የተማሩት ባግዳድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የተመረቁት በ1972 ነው።

ከዚያ ወደ እንግሊዝ ሄደው በ1974 ከሊቨርፑል በሐሩር ክልል በሽታዎች ዲፕሎማ ያዙ። ቀጥለው ካናዳ ገቡ፤ ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ እስከ 1978 የውስጥ ደዌን፣ በተለይም የጨጓራና የአንጀት ሕክምናን አጠኑ። ስፔሻላይዝ የሚያደርግ ሐኪም ጊዜው ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በመካከላችን ያሉት የሕክምና ተማሪዎች ይነግሩናል። እሳቸው ግን በዚያው ወቅት የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበርን ቅርንጫፍ ሞንትሪያል ላይ ካቋቋሙት አንዱ ነበሩ። ከየተማሪው በወር አንድ ዶላር እየሰበሰቡ ትንንሽ የዲን መጻሕፍት ያሳትሙና ወደ አፍሪካና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ይልኩ ነበር። አንድ ዶላር! የኛ ጀመዓ ወርሃዊ መዋጮ ሲጠየቅ ምን ያህሎቻችን ስልካችን ላይ እንደምናቀረቅር ራሳችን እናውቃለን።

ለንደን በሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ቆይተው በ1980 ወደ አገራቸው ተመለሱና በሰባሕ ሆስፒታል በስፔሻሊስትነት ሥራ ያዙ። ደመወዙም ክብሩም የሚያጓጓ ነበር። በዚህ መሐል አንዲት ኩዌታዊት ባለፀጋ ከአገር ውጭ መስጂድ ማሠራት ፈለጉና አደራውን ለእሳቸው ሰጡ። መስጂዱ የተሠራው ማላዊ ውስጥ ነው።

ሁሉን የለወጠው ይህ ጉዞ ነው። እዚያ ያገኟቸው ብዙዎቹ ሙስሊሞች ከእስልምና የቀራቸው ስሙ ብቻ ነበር። ፋቲሓን እንኳ የሚያስቀራቸው ሰው አልነበረም። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት አይገቡም፤ ንጹሕ ውሃ የለም። የመጣው ሰው ደግሞ መስጂዱን ገንብቶ፣ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ይችል ነበር፤ የተላከው ለዚያ ነውና። ዶክተሩ ግን የማላዊ ሙስሊሞችን የሚረዳ ኮሚቴ መሠረቱ። ይህ ኮሚቴ ሥራው ወደ ሌሎች አገሮች ሲሰፋ የአፍሪካ ሙስሊሞች ኮሚቴ ተባለ፤ ዛሬ “አል-ዐውን አል-ሙባሺር” ማለትም “ቀጥተኛ እርዳታ” በሚል ስም እናውቀዋለን። እሳቸውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሆስፒታሉን ሥራ ትተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለዚህ ሰጡ።

በድርቅ ጊዜ እህል አድለዋል፣ ጉድጓድ አስቆፍረዋል፣ መስጂድም አሠርተዋል። ነገር ግን ከሁሉም አስበልጠው የያዙት ትምህርትን ነበር፤ በተለይ የየቲሞችን ትምህርት። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው። ጆንያው ሲያልቅ ሰውየው እንደገና እጁን ይዘረጋል፤ የተማረው ልጅ ግን ቤተሰቡን ይዞ ይነሳል። በ1996 ለእስልምና በተደረገ አገልግሎት የንጉሥ ፈይሰል ሽልማት ሲሰጣቸው 750,000 የሳዑዲ ሪያሉን አንድም ሳያስቀሩ ለአፍሪካ ልጆች ትምህርት ወቅፍ አደረጉት። ብዙ ወጣቶች ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁት በዚያ ወቅፍ ገቢ ነው።

ይህ ሁሉ የተሠራው በጤናማ አካል አልነበረም። ስኳርና ደም ግፊት ነበረባቸው፤ ኢንሱሊናቸውን ይዘው ነበር መኪና በማይገባበት መንደር የሚዞሩት። ወባውንና እባቡን እንለፈው፤ ተራኪዎች እዚያ ላይ መቆየት ስለሚወዱ ሁላችንም ሰምተነዋል። ባለቤታቸው ኡሙ ሱሀይብ ግን ብዙም አይወሱም። የኩዌትን ምቾት ትተው ከባላቸው ጋር ደቡብ ምሥራቅ ማዳጋስካር፣ ማናካራ የምትባል ከተማ ገብተው ኖረዋል። እዚያ አካባቢ አንተይሞሮ የሚባል ሕዝብ አለ። አባቶቻቸው ከዐረብ አገር እንደመጡ የሚናገሩና በዐረብኛ ፊደል በራሳቸው ቋንቋ የተጻፉ ጥንታዊ መጻሕፍት ያሏቸው ናቸው። ከእስልምና ግን በዘመናት ርቀው ነበር። ዶክተሩ የዕድሜያቸውን ማምሻ የሰጡት ለእነዚህ ሰዎች ነው። አንድ ጡረታ የደረሰ ሕመምተኛ ሐኪም የሚመርጠው አድራሻ አይመስልም።

በመጨረሻም ሕመሙ በረታና ወደ ኩዌት ተመለሱ። ኦገስት 15 ቀን 2013፣ በሂጅራ አቆጣጠር ሸዋል 8 ቀን 1434፣ ከዒድ አል-ፊጥር አንድ ሳምንት በኋላ ወደ አኺራ ሄዱ። ድርጅታቸው በ1998 ዛንዚባር ላይ የከፈተው የመምህራን ኮሌጅ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ዛሬ የሚጠራው በእሳቸው ስም ነው።