የተማሪዎች የነፍስ አባት ቻርልስ ሲሚዮን

ወጣት የእናት የአባቱን ቤት ለቆ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሲሄድ ልብሱንና መጽሐፉን ይዞ ይሄዳል። ነፍሱን ግን በዚያ ማን ይጠብቅለታል? ጥያቄው ዛሬ የመጣ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ ለዚህ ጥያቄ ዕድሜውን የሰጠ ካህን ነበር። ስሙ ቻርልስ ሲሚዮን ይባላል። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሲሚዮን በ1759 ሬዲንግ በምትባል ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። በ1779፥ በ19 ዓመቱ፥ ካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ገባ። በዚያን ጊዜ ልብስ ማሳመርና ፈረስ መጋለብ የሚወድ ልጅ ነበር። የኮሌጁ ደንብ ግን ተማሪ ሁሉ በተወሰነው ቀን ቅዱስ ቁርባን እንዲቀበል ያስገድድ ነበር። ሲሚዮን ይህን ትእዛዝ በሰማ ጊዜ እንዲህ ሆኜ እንዴት እቀርባለሁ ብሎ ደነገጠ። የሚያጽናናው ሰው በአጠገቡ አልነበረምና ብቻውን ጾመ፤ ጸለየ፤ መጽሐፍ ገለጠ። በዚያው ዓመት በትንሣኤ በዓል የክርስቶስን መሥዋዕትነት ተረድቶ ልቡ ሰላም አገኘ። በኋላ ለተማሪዎች ያደረገው ሁሉ ከዚህ ብቸኝነት የመነጨ ይመስላል።

በ1782 በከተማው መካከል ባለችው በቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተሾመ። ምእመናኑ ግን ሌላ ካህን ፈልገው ነበርና አልተቀበሉትም። በዚያ አገር መቀመጫው በር ያለውና የሚቆለፍ ስለ ነበር ባለቤቶቹ ቆልፈው ቀሩ። ሲሚዮን በገዛ ገንዘቡ አግዳሚ ወንበር ቢያስገባ የቤተ ክርስቲያኑ ሹማምንት አውጥተው ጣሉበት። ሊሰማ የመጣው ሕዝብ ከ10 ዓመት በላይ በመተላለፊያው ቆሞ ሰማ። ተማሪዎችም እየመጡ ይሳለቁ፥ ይረብሹ ነበር። እርሱ ግን ቦታውን አልለቀቀም፤ አልተበቀለምም።

ሰይጣን ያላገኘው ሰው ነበር ማለታችን አይደለም። ቁጡና ኩሩ ነበር። አንድ ቀን ሄንሪ ቬን የሚባሉ ሽማግሌ ካህን ዘንድ እንግዳ ሆኖ ሄደ። ከሄደ በኋላ የካህኑ ሴቶች ልጆች በጠባዩ አጉረመረሙ። አባታቸው ከአትክልቱ ቦታ ኮክ ቆርጠው እንዲያመጡ አዘዙአቸው፤ ወራቱ ገና ነበርና ያመጡት ጥሬ ነበር። ካህኑም ጥቂት ፀሐይና ጥቂት ዝናም ሲያገኝ ኮኩ እንደሚጣፍጥ፥ ሲሚዮንም እንዲሁ እንደሆነ አስረዱአቸው። እንዳሉትም ሆነ።

እንዴት ይሠራ ነበር? ማለዳ በ4 ሰዓት (በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት) ተነሥቶ ይጸልይና ቃሉን ያነብ ነበር። ሚስት አላገባም፤ እስኪሞት በኮሌጁ ውስጥ ኖረ። ዓርብ ማታ የክፍሉን በር ለተማሪዎች ይከፍታል፤ ሻይ ይቀርባል፤ እያንዳንዱ የከበደውን ጥያቄ ይጠይቃል። ለክህነት የሚዘጋጁትን ደግሞ ስብከት እንዴት እንደሚዘጋጅ ያስተምራቸው ነበር። የእህል ዋጋ በተወደደበት ዘመንም በፈረስ በየመንደሩ እየዞረ ድኾች ዳቦ በግማሽ ዋጋ እንዲያገኙ አድርጓል።

ፍሬውስ? በዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ፈተና አንደኛ የወጣው ሄንሪ ማርቲን ረዳቱ ሆነ፤ ከዚያም ወደ ህንድ ሄዶ አዲስ ኪዳንን ወደ ኡርዱና ወደ ፋርስ ቋንቋ ተርጕሞ በ1812 በ31 ዓመቱ ሞተ። ሲሚዮን በ1799 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ሲመሠረት ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበር። የዚሁ ማኅበር መልእክተኛ የነበረው ዊልያም ጆዌት፥ እርሱም የካምብሪጅ ሰው፥ በ1820 ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አቡ ሩሚ በካይሮ የተረጐሙትን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጽሑፍ ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ሙሉው በ1840 ታተመ። እንዲህ ሩቅ የነበረው ነገር ወደ እኛም ቋንቋ ደረሰ።

ሲሚዮን በዚያች ቤተ ክርስቲያን 54 ዓመት አገልግሎ በኅዳር 1836 አረፈ። በቀብሩ ቀን የከተማው ሱቆች ተዘጉ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተሰብስቦ ሸኘው። ሲጀምር የሳቁበት ነበሩ፤ ሲያልቅ ያለቀሱለት ሆኑ።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ሲሚዮን ለተማሪዎቹ ያቀረበላቸው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ክፍት በር፥ አንድ ሲኒ ሻይና ጥያቄን የሚታገሥ ጆሮ ነው። በየትምህርት ቤቱ ብቻውን የሚጨነቅ ወጣት ዛሬም አለ። ካህን እስኪመጣለት ድረስ የእኛ በር ክፍት ይሁንለት።