ሒሳብ ያልተማረው ተመራማሪ

እኛ ወጣቶች የፊዚክስ መጽሐፍ ገልጠን ሒሳቡ ሲከብደን፣ ሊቃውንቱ ሳይሳሳቱ አይቀሩም ማለት ይቀናናል። መጠራጠር በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን እንዴት መጠራጠር እንደሚገባ ከማይክል ፋራዴይ ሕይወት እንማር።

ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1791 ዓ.ም. በለንደን አጠገብ ከብረት ቀጥቃጭ ቤተሰብ ተወለደ። ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከተራ ሒሳብ ያለፈ ትምህርት አላገኘም። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገብቶ ሰባት ዓመት ሲሠራ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ያነብ ነበር። በ1813 ሮያል ኢንስቲትዩሽን በተባለው ተቋም የቤተ ሙከራ ረዳት ሆነ። በእምነቱም ጽኑ ስለ ነበር በአንዲት አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን በሽማግሌነት አገልግሏል።

በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት የማግኔትና የኤሌክትሪክ ኃይል በመካከል ያለውን ቦታ ዘልሎ ከሩቅ ይሠራል ይሉ ነበር፤ ቀመራቸውም ይህንኑ ያሰላ ነበር። ፋራዴይ ግን በማግኔት ዙሪያ የብረት ብናኝ የሚሠራቸውን መስመሮች ተመልክቶ፣ ኃይሉ በመካከል ባለው ቦታ ሁሉ የተዘረጋ ነው አለ። ቀመር ስላልነበረው ብዙዎች ችላ አሉት። እርሱ ግን በክርክር ፈንታ ሙከራን መረጠ። በ1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ጠቅልሎ፣ አንዱን ከባትሪ ጋር ሲያገናኝና ሲያላቅቅ በሌላው ላይ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት እንደሚፈጠር አገኘ። የዛሬው ትራንስፎርመር የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ሁልጊዜ ግን አልተሳካለትም። የመሬት ስበትም ከኤሌክትሪክ ጋር ሳይዛመድ አይቀርም ብሎ በ1849 ልዩ ልዩ ነገሮችን ከከፍታ እየጣለ መረመረ፤ ምንም አላገኘም። ተስፋውን ባይተውም፣ ማስረጃ አለማግኘቱን ሳይደብቅ ለሊቃውንቱ ማኅበር አስታወቀ።

ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የተባለ ወጣት ሊቅ በ24 ዓመቱ የፋራዴይን መስመሮች በሒሳብ መተርጐም ጀመረ። ፋራዴይም ሒሳቡን ሳይንቅ፣ ውጤቱ በተራ ቋንቋ እንዲገለጽለት በትሕትና ጠየቀ። በ1865 ማክስዌል ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ መሆኑን በቀመር አሳየ። ፋራዴይ ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፈ። ሐሳቡን ያጸናለት እርሱ ያልተማረው ሒሳብ ነበር።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ስንጠራጠር እንመርምር፤ ሙከራው ሲቃወመን እንመን፤ ያላወቅነውንም ስላላወቅነው ብቻ አንናቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።