ጁሊያ ላትሮፕ፦ የእናቶችን ሞት ቆጥራ በጀት ያስመደበች ሴት

ውድ እህቶቼ፣ በዚህ እትም የማጫውታችሁ ስለ አንዲት አሜሪካዊት ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል፣ መዝገብ ይዞ ለሰው የደረሰ ሰው ታሪክ ይማርከኛል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጁሊያ ላትሮፕ በ1858 በኢሊኖይ ግዛት፣ ሮክፎርድ በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ ጠበቃ፣ እናቷ ደግሞ ለሴቶች የመምረጥ መብት የምትሟገት ሴት ነበረች። በ1880 ቫሳር ከተባለው የሴቶች ኮሌጅ ተመርቃ ለአሥር ዓመት ያህል በአባቷ ቢሮ ሠራች። ከዚያ ወደ ቺካጎ ሄዳ፣ ጄን አዳምስ ከጓደኛዋ ጋር በመሠረተችው ሃል ሃውስ የድሆችና የስደተኞች ጎረቤት ሆና መኖር ጀመረች።

በ1893 የግዛቱ የበጎ አድራጎት ቦርድ አባል ሆና ተሾመች። ቢሮ ተቀምጣ ሪፖርት አልጠበቀችም። በ102ቱም የግዛቱ አውራጃዎች ያሉትን የድሆች መጠለያዎች ዞራ አየች፤ ሕፃኑም፣ አእምሮው የታመመውም፣ አዛውንቱም አንድ ላይ ታጉረው አገኘቻቸው።

በ1912 ፕሬዚዳንት ታፍት አዲስ የተቋቋመውን የሕፃናት ቢሮ እንድትመራ ሾማት። የፌደራል ቢሮ በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በእጇ የነበረው 15 ሠራተኛና 25,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ አቅም ሁሉን መሥራት ስለማይቻል ከቆጠራ ጀመረች። ሠራተኞቿ በፔንሲልቬንያ፣ ጆንስታውን በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ቤት ለቤት እየዞሩ በአንድ ዓመት የተወለዱትን ሕፃናት እናቶች አነጋገሩ። የአባት ገቢ ዝቅ ባለ ቁጥር የሕፃናት ሞት ከፍ እንደሚል ታወቀ። በ1917 ደግሞ ቢሮው፣ በ1913 ብቻ ቢያንስ 15,000 ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሞቱ አሳወቀ። ይህን ያህል ሞት የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ ማለፍ ከዚያ በኋላ አስቸጋሪ ሆነ።

ላትሮፕ ያቀደችው የመንግሥት ገንዘብ ለግዛቶች ተከፋፍሎ ነርሶችና የእናቶች ጣቢያዎች እስከ ገጠር እንዲደርሱ ነው። ሐሳቡን በ1918 በረቂቅ ሕግ ያቀረበችው የመጀመሪያዋ ሴት የኮንግረስ አባል ጃኔት ራንኪን ነበረች፤ አልጸደቀም። በ1920 ሴቶች በመላ አገሪቱ የመምረጥ መብት አገኙ። በኅዳር 1921፣ በሁለቱ አቅራቢዎቹ ስም ሼፐርድ ታውነር የተባለው ሕግ ተፈረመ።

አሠራሩ እቁብና እድር ለምናውቅ ሰዎች አይከብድም። እያንዳንዱ ግዛት 5,000 ዶላር ያለ ቅድመ ሁኔታ ያገኛል። ከዚያ በላይ የሚሰጠው ግን ግዛቱ ከራሱ ካዝና እኩል መጠን ሲያዋጣ ነው። አገልግሎቱ ለድሃ ብቻ ተብሎ አልተከለለም። ላትሮፕ አንዲት ነፍሰ ጡር ነርስ ለማግኘት ድህነቷን ማስመስከር እንዲኖርባት አልፈለገችም። ሕጉ ግን ለእናቲቱ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ አልፈቀደም፤ ሥራው በዋናነት ምክር፣ ምርመራና ትምህርት ነበር።

ተቃውሞው በረታ። የአገሪቱ የሐኪሞች ማኅበር ተቃወመው፣ የማሳቹሴትስ ግዛት በፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ክሱ በ1923 ውድቅ ሆነ። ሆኖም ሕጉ የጊዜ ገደብ ነበረው። ወደ 3,000 የሚጠጉ የእናቶች ጣቢያዎች ከተከፈቱ በኋላ በጀቱ በ1929 ሳይታደስ ቀረ። ላትሮፕ በሚያዝያ 1932 በተወለደችበት ከተማ አረፈች። የእናቶችና የሕፃናት ጤና በጀት በማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ውስጥ የተመለሰው በ1935 ነው፤ እሷ አላየችውም።

እህቶቼ፣ በአገራችንም በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድና የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ማግኘት ነፃ ነው እንላለን። በሂሳብ መዝገብ ግን ነፃ የሚባል ነገር የለም፤ ጓንቱም፣ መድኃኒቱም፣ የአዋላጇ ደመወዝም ከአንድ በጀት ይወጣል። ያ በጀት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጎዳው የግል ክሊኒክ መክፈል የማይችለው ነው። ስለዚህ የወረዳችን በጀት ለውይይት ሲቀርብ ቀርተን በኋላ ከማማረር፣ ሄደን ለእናቶች ምን ያህል እንደተያዘ እንጠይቅ። በአካባቢያችን ስንት እናት እንደወለደች፣ ስንቷ መድኃኒት ውጭ እንድትገዛ እንደታዘዘች ቆጥረን ብንሄድ ደግሞ ጥያቄያችን በቀላሉ አይታለፍም።